የሰውነት መከላከያ ዕጢን እንዴት ያሳድጋል? ስለ ብግነት መልእክተኞችና ስለ ጭንቅላትና አንገት ካንሰር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ ብዙ ዘመን ሲጋራ አጭሷል። በምላሱ ጎን የወጣ ቁስል ለወራት አልድን ብሎ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በፓቶሎጂ ውጤቱ ላይ በዕጢው ዙሪያ ብዙ የብግነት ሴሎች እንዳሉ ተጽፏል፤ ሐኪሙም ‹ብግነቱ ዕጢውን እየመገበው ነው› አሉን። የሰውነት መከላከያ ካንሰርን መዋጋት ሲገባው እንዴት ያሳድገዋል? የብግነት ማስታገሻ ኪኒን ቢወስድስ ዕጢው አይቀንስም?»

ውድ ጠያቂ፣ አባትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሁለተኛው በችኮላ ከተመለሰ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ወደ እሱ የምሄደው የመጀመሪያውን በሚገባ ካብራራሁ በኋላ ነው። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ስንል የአንጎልን ዕጢ ማለታችን እንዳልሆነም ከወዲሁ ልግለጽ፤ የአፍን፣ የምላስን፣ የቶንሲልን፣ የጉሮሮንና የማንቁርትን ውስጠኛ ሽፋን የሚያጠቃውን ካንሰር ማለታችን ነው። ከእነዚህ ካንሰሮች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሚነሡት ይህንን ሽፋን ከሠሩት፣ ስኩዌመስ ከሚባሉት ጠፍጣፋ ሴሎች ነው።

ብግነት የሚለው ቃል «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን መንደድንና መጋልን ያመለክታል፤ ሰውነት ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት የሚታየውን መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥና ሕመም አንድ ላይ ለመጥራት የሚስማማ ቃል ነው። ከሚታየው በስተጀርባ ግን በዓይን የማይታይ የመልእክት ልውውጥ ይካሄዳል። የተጎዱት ሴሎችና ቀድመው የደረሱት ነጭ የደም ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች እንደ ድሮው የክተት ነጋሪት ናቸው፤ ሠራዊት ይጠራሉ፣ የደም ሥሮች እንዲሰፉ ያዝዛሉ፣ በሞቱት ምትክ የቀሩት ሴሎች እንዲባዙ ይቀሰቅሳሉ። የጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ከዚህ የመጨረሻ ትእዛዝ ነው። ብግነት ጠላትን የመግደል ሥራ ብቻ አይደለም፤ የመጠገን ሥራም ነው። መጠገን ማለት ደግሞ ሴሎችን ማብዛት፣ አዲስ የደም ሥር መዘርጋትና ሴሎች ካሉበት ተነሥተው ቁስሉን እንዲሸፍኑ ማድረግ ነው። ካንሰር ለማደግና ለመዛመት የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

ይህ ዝምድና ከታወቀ ቆይቷል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ እ.ኤ.አ. በ1863 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች መኖራቸውን ተመልክቶ፣ ካንሰር ሥር የሰደደ ብግነት ባለበት ቦታ ሊነሣ እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1986፣ አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢዎችን «የማይድኑ ቁስሎች» ብሎ ጠራቸው። በአባትዎ ምላስ ላይ ለወራት ሳይድን የቆየውን ቁስል ሳስብ ይህን አባባል ከዘይቤነቱ ይልቅ እውነታነቱ ይበልጥብኛል። ጤናማ ቁስል ሲሽር ነጋሪቱ ዝም ይላል፤ የካንሰር ቁስል ግን ዝም የሚያሰኘው የለም።

ነጋሪቱ መጎሰም የሚጀምረው ካንሰሩ ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የትምባሆ ጭስ የአፍን ሽፋን በየዕለቱ ያቃጥላል፤ በውስጡ ያሉት ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ደግሞ ዲኤንኤን ይጎዳሉ። አልኮል በሰውነት ውስጥ ወደ አሴታልዴሃይድ ይለወጥና በዚያው ላይ ይጨምራል፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የሚያስከትሉት አደጋ አንዱ ብቻውን ከሚያስከትለው እጅግ ይበልጣል። በደቡብ እስያ ፉፋል የሚባለውን የዘንባባ ፍሬና የቤተል ቅጠል ማኘክ፣ በየትኛውም አገር ደግሞ ያልታከመ የድድ በሽታ ተመሳሳይ የማያባራ መቆጣት ይፈጥራሉ። ጉዳት የደረሰበት ሴል ከመሞት ይልቅ እንዲባዛ በተደጋጋሚ ሲታዘዝ፣ በዲኤንኤው ላይ ያለው ስሕተት ሳይታረም ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ከትምባሆና ከአልኮል ጋር በተያያዙት የዚህ ዓይነት ካንሰሮች በአብዛኞቹ ቲፒ53 የሚባለው፣ የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚከለክለው ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። ከልካዩ በሌለበት የሚመጣ የመባዛት ትእዛዝ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ሴሉ ውስጥ እንግባ። የብግነት ትእዛዞችን የሚያስተባብረው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ በ1986 ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር ያገኙት ነው። በጤናማ ሴል ውስጥ ይህ ፕሮቲን በሌላ ጠባቂ ፕሮቲን ታስሮ፣ ዲኤንኤው ካለበት ከሴሉ እምብርት (ኒውክሊየስ) ውጭ ይቀመጣል። ኢንተርሊውኪን-1 ወይም ቲኤንኤፍ የተባሉት መልእክተኞች የሴሉን በር ሲያንኳኩ ጠባቂው ይፈርሳል፤ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ወደ እምብርቱ ይገባና በርካታ ጂኖችን ያስነሣል። ከሚያስነሣቸው ጂኖች አንዱ የራሱን ጠባቂ እንደገና የሚሠራው ጂን ነው፤ ስለዚህ በተለመደው ሁኔታ ብግነት ማቆሚያውን በራሱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። በጭንቅላትና በአንገት ካንሰር ሴሎች ውስጥ ግን ማንኳኳቱ ስለማያቋርጥ ጠባቂው በተሠራ ቁጥር ይፈርሳል፤ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢም ያለ ዕረፍት ይሠራል።

የሚያንኳኳው ማን ነው? እኔ እንደማየው የጥያቄዎ እምብርት ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ነጭ የደም ሴሎች ብቻ መልእክቱን እንደሚልኩ ነው። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተደረጉ ጥናቶች የካንሰሩ ሴሎች ራሳቸው ኢንተርሊውኪን-1፣ ኢንተርሊውኪን-6፣ ኢንተርሊውኪን-8 እና ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሚባሉትን መልእክተኞች እንደሚያመርቱ አሳይተዋል። ነጋሪቱ በዕጢው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ዕጢው በራሱ ትእዛዝ ይነሣሣል፣ በዚያው ትእዛዝም ሠራዊት ይጠራል፤ የተጠራው ሠራዊት ደግሞ ተጨማሪ መልእክተኞችን ይዞ ይመጣል። ሐኪምዎ «እየመገበው ነው» ያሉት ይህንን አዙሪት ይመስለኛል።

ከመልእክተኞቹ ሁሉ ሰፊ ማብራሪያ የሚገባው ኢንተርሊውኪን-6 ነው። ይህ ፕሮቲን በሴሉ የውጭ ገለፈት ላይ ካለው ተቀባዩና ጂፒ130 ከሚባለው አጋሩ ጋር ሲገናኝ፣ በውስጥ በኩል ጃክ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ እነሱም ስታት 3 የሚባለውን ፕሮቲን አንቅተው ወደ እምብርቱ ይሰዱታል። ስታት 3 እዚያ ሲደርስ የሴሉን መከፋፈል የሚያፋጥነውን ሳይክሊን ዲ1ን፣ ሴሉ በራሱ ፈቃድ እንዳይሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል-ኤክስኤልን፣ የደም ሥር የሚያበቅለውን ቪኢጂኤፍን ያስነሣል። የሚያስገርመው፣ በጭንቅላትና በአንገት ካንሰር ውስጥ የስታት 3 ጂን ራሱ ተበላሽቶ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ፕሮቲኑ ጤነኛ ነው፤ ያለ ልክ የሚሠራው ያለ ልክ ስለሚታዘዝ ነው። ኢንተርሊውኪን-6ን እንዲመረት የሚያደርገው ደግሞ ቀደም ሲል የገለጽኩት ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ስለሆነ፣ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቀለበት ይያያዛሉ። በዚህ ላይ፣ የኢንተርሊውኪን-6 ተቀባይ ከሴል ገለፈት ተቆርጦ በደምና በቲሹ ፈሳሽ ውስጥ ሊንሳፈፍ ስለሚችል፣ የራሳቸው ተቀባይ የሌላቸው ሴሎች እንኳ ለዚህ መልእክት ምላሽ መስጠት ይችላሉ።

ኢንተርሊውኪን-8 በዋናነት ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፤ የደም ሥር ሴሎችንም ወደ ዕጢው ይስባል። በቁስል ላይ ባክቴሪያ የሚገድሉት ኒውትሮፊሎች በዕጢ ዙሪያ ሲሰፍሩ ቲሹን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ይለቃሉ፤ ዕጢውም በተከፈተለት መንገድ ይገፋል። የዘመተ ጦር በባላገሩ ላይ ሲሰፍር ምን ያደርግ እንደነበር ከአያቶቻችን የሰማን ሰዎች ነገሩን ለመረዳት አንቸገርም።

ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ግን ሁለት ፊት አለው። በጤናማ ሽፋንና በካንሰር መጀመሪያ ላይ የሴሎችን መባዛት የሚገታ ሲሆን፣ ዕጢው ካደገና የመገታት ትእዛዙን መስማት ካቆመ በኋላ ግን ለካንሰሩ ይሠራል። በዕጢው ዙሪያ ያሉትን ፋይብሮብላስት የሚባሉ የተያያዥ ቲሹ ሴሎች ይለውጣቸዋል፤ የተለወጡት ፋይብሮብላስቶች በተራቸው የእድገት ንጥረ ነገሮችን ለዕጢው ያቀርባሉ። በ2017 በቦስተን ተመራማሪዎች ከ18 ታካሚዎች የተወሰዱ ወደ 6000 የሚጠጉ ሴሎችን በተናጠል መርምረው፣ በዕጢው ጠርዝ ላይ ያሉ፣ ከፋይብሮብላስቶች ጋር የሚጎራበቱ የካንሰር ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው መላቀቅና መንቀሳቀስ የሚያስችላቸውን ጠባይ በከፊል መያዛቸውን አሳይተዋል። በላቦራቶሪ ይህን ጠባይ ቲጂኤፍ-ቤታ ያመጣዋል፤ ኢንተርሊውኪን-6ም በስታት 3 በኩል ተመሳሳይ ለውጥ እንደሚያመጣ ታይቷል። ካንሰሩ ወደ አንገት ንፍፊቶች የሚዛመተው እንዲህ ያሉ ሴሎች መንገድ ሲያገኙ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሐኪሙ አነጋገር በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። «የብግነት ሴሎች» ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በዕጢው ውስጥ ካንሰርን የሚገድሉ፣ ቲ-ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ከገቡ ይህ በአጠቃላይ መልካም ምልክት ነው፤ ኒውትሮፊሎችና መከላከያውን የሚያዳክሙ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ከበዙ ግን ተቃራኒው ነው። ኢንተርፌሮን-ጋማ የተባለው መልእክተኛ ይህን ውስብስብነት በደንብ ያሳያል። ቲ-ሊምፎሳይቶች ካንሰሩን ሲያጠቁ ይህን ፕሮቲን ይረጫሉ፤ የካንሰሩ ሴሎች ግን ሲሰሙት ፒዲ-ኤል1 የሚባል ጋሻ በላያቸው ላይ ያወጣሉ፤ ጋሻውም አጥቂዎቹን ያደክማል። በ2016 በአሜሪካ ለተመለሰና ለተዛመተ የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር የተፈቀዱት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ የሚሠሩት ይህ ጋሻ የሚያስተላልፈውን የማዳከም ትእዛዝ በማገድ ነው። ማለትም እነዚህ መድኃኒቶች ብግነትን አያጠፉም፤ እንዲያውም ትክክለኛውን ብግነት ነጻ ያወጣሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «በናሙናው ላይ የታዩት የትኞቹ ሴሎች ናቸው?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው።

በኤችፒቪ (ሂዩማን ፓፒሎማ) ቫይረስ የሚመጣው የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር የተለየ ታሪክ አለው፤ ቲፒ53 አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፣ የቲ-ሊምፎሳይቶች ብዛት ከፍ ያለ ነው፣ ለሕክምናም የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። የአባትዎ ዕጢ በምላስ ጎን ላይ ስለሆነና ሲጋራ ያጨሱ ስለነበር ይህኛው ዓይነት የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

መልእክተኞቹ በዕጢው ዙሪያ ብቻ አይቀሩም፤ በደም ተወስደው መላ አካልን ያዳርሳሉ። በ2008 የወጣ የሚሺገን ጥናት 444 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ኢንተርሊውኪን-6 የነበራቸው ሰዎች ካንሰሩ የመመለሱና የመሞታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይኸው ፕሮቲን ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን እንዲያመርት ያደርጋል፤ ሄፕሲዲን ደግሞ ብረት በማከማቻው ውስጥ እንዲታሰር ስለሚያደርግ ታካሚው በቂ ብረት እያለው እንኳ የደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ቲኤንኤፍ በአንድ ወቅት «ካኬክቲን»፣ ማለትም አክሺው፣ ይባል የነበረው ሰውነትን ስለሚያከሳ ነው። አባትዎ የመዋጥ ችግራቸው ከሚያስከትለው በላይ ከከሱ፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከደከማቸው፣ ይህ የስንፍና ወይም የተስፋ መቁረጥ ምልክት እንዳልሆነ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲያውቅ እለምናለሁ። ብዙ ታካሚዎች «አትበላም» እየተባሉ ሲወቀሱ አይቻለሁ፤ ወቀሳው ለሁለቱም ወገን ከባድ ሐዘን ያተርፋል። የሚያስፈልጋቸው በትንሽ በትንሹ፣ ለመዋጥ የሚለሰልስና ጉልበት የሚሰጥ ምግብ፣ ካስፈለገም በቱቦ መመገብ ነው።

አሁን ወደ ኪኒኑ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን የሚያግዱት ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሳይቶካይኖች ሳይሆን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን ሌሎች የብግነት መልእክተኞች የሚሠሩ ኮክስ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኮክስ-2 በጭንቅላትና በአንገት ካንሰር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ፕሮስታግላንዲን ኢ2ም የዕጢውን እድገት ያግዛል፣ የመከላከያ ሴሎችንም ያዳክማል። ስለዚህ ሐሳብዎ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም አስበውት ሞክረዋል። ይሁን እንጂ ሴሌኮክሲብ የተባለው የኮክስ-2 ማገጃ ወደ ካንሰር ሊለወጥ በሚችል የአፍ ነጭ ልጥፍ ላይ ሲሞከር ከማስመሰያ ኪኒን የተሻለ ውጤት አላስገኘም። በ2005 ከኖርዌይ የወጣ፣ የሕመም ማስታገሻዎች የአጫሾችን የአፍ ካንሰር አደጋ እንደሚቀንሱ የሚገልጽ ጥናት ደግሞ በስፋት ከተወራ በኋላ መረጃው ፈጠራ መሆኑ በ2006 ተጋልጦ ተሰርዟል። ይህን የማነሣው ያ ወሬ ከተሰረዘ በኋላም በየቦታው ሲደገም ስለምሰማ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ መረጃም አለ። በ2019 የታተመ ጥናት የቀድሞ ታካሚዎችን መዛግብት ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረምር፣ ፒክ3ሲኤ የሚባለው ጂን በዕጢያቸው ውስጥ የተለወጠባቸውና እነዚህን መድኃኒቶች ዘወትር ይወስዱ የነበሩ ሰዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል፤ ጂኑ ባልተለወጠባቸው ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። መዛግብትን ወደ ኋላ መመርመር ደግሞ ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ እንደመሞከር አያስተማምንም፤ ስለዚህ ይህ ግኝት ለሕክምና መመሪያ አይበቃም። ኢንተርሊውኪን-1ን የሚያግደው ካናኪኑማብም ትምህርት ይሰጣል። በ2017 ውጤቱ በታወቀ፣ ቀደም ሲል የልብ ጥቃት (የልብ ደም ሥር ድንገተኛ መዘጋት) የደረሰባቸው 10,061 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች የሳንባ ካንሰር በግልጽ አነስ ብሎባቸው ተገኘ፤ ነገር ግን ካንሰሩ አስቀድሞ ባለባቸው ሰዎች ላይ በሕክምናነት ሲሞከር አልሠራም። ብግነት ካንሰሩን ለማስጀመር የሚያስፈልገውን ያህል ካንሰሩ ከጸና በኋላ ላያስፈልገው ይችላል፤ አንድ መልእክተኛ ሲታገድ ሌላው ቦታውን ይሸፍናልና። ኢንተርሊውኪን-6ን የሚያግዱት መድኃኒቶችም እስካሁን ለዚህ ካንሰር አልተፈቀዱም።

ስለ እርድ የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። በውስጡ ያለው ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ያግዳል፤ ሲበላ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። በወጥ ውስጥ ያለው እርድ ለአባትዎ ጉዳት የለውም፤ በእንክብል የተዘጋጀውን ግን ለሐኪም ሳይነግሩ እንዳይወስዱ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ የጨረር ሕክምና ወረፋ በሚረዝምበት በአገራችን፣ ቤተሰብ ኪኒን እየገዛ ወይም ባህላዊ መድኃኒት እየሞከረ ቀጠሮ የሚያሳልፍበት ሁኔታ ነው። ለአባትዎ ዕጢ የሚረዳው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና እንደ ደረጃው ኬሞቴራፒ ነው፤ በሳምንታት መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። ከኬሞቴራፒዎቹ ሲስፕላቲን የሚሰጣቸው ከሆነ ኩላሊትን ስለሚጎዳ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከእሱ ጋር ተደርበው ጉዳቱን ያባብሱታል፤ አስፕሪን ደግሞ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም መፍሰስን ያበዛል። ስለዚህ እስካሁን ለሕመም የወሰዱትን ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንም ጭምር፣ ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ለሕመማቸው የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል።

ነጋሪቱን ዝም ለማሰኘት በቤተሰብ እጅ ያለው መንገድ ሲጋራውን ጨርሶ ማቆም ነው። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ማቆም ምን ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በጨረር ሕክምና ጊዜ ማጨስ የሚቀጥሉ ታካሚዎች ለሕክምናው የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል፣ የአፋቸው ቁስልም ይከፋል። ጨረር ከመጀመሩ በፊት የጥርስ ሐኪም ጥርሳቸውንና ድዳቸውን ይመልከትላቸው፤ የሚነቀል ካለ ቀደም ብሎ መነቀል አለበት፣ ምክንያቱም ከጨረር በኋላ ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት ላይድን ይችላል። በጨረሩ ወቅት የሚመጣው የአፍ መቁሰልም በእነዚሁ በቲኤንኤፍና በኢንተርሊውኪን-1 የሚነዳ ስለሆነ፣ ለእሱ ቤንዚዳሚን የተባለ መጉመጥመጫ አለ፤ በሚኖሩበት ከተማ የሚገኝና ለአባትዎ የጨረር መጠን የሚስማማ መሆኑን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።